ሎሚ የነካቸው የጳንጦስ ሳንቲሞች

ውድ አንባቢዎች፣ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ቤት ውስጥ «ግድግዳው» ነበር የሚሉኝ። ይህንንም የምጽፈው አፌ ስለማይችለው ነው፤ ወረቀት ላይ ግን አንዲት ነገር ሳልዘል የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል ላስቀምጠው እችላለሁ። ከመካከላችሁ «ዝም ማለት ማንን ይጎዳል?» የሚል ካለ ለእሱ ይሁን።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ ዳር፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ በአክስቴ በእትዬ አልማዝ ቤት እኖራለሁ፤ በሳምንት አራት ቀን ያራቪል ወደቡ አጠገብ ካለ መጋዘን ሺፍት እገባለሁ፣ ካርቶን አወርዳለሁ፣ ስካን አደርጋለሁ፣ እጭናለሁ። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። የማውቀውን ያወቅሁት ከላይብረሪ መጽሐፍና ከኢንተርኔት ነው፤ የማውቀውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የጥንት ግሪኮች ሳንቲም። ለዚያውም ወርቁንና ብሩን ሳይሆን የመዳቡን ዘር። ንጉሥ ለወታደሩ በብር ይከፍላል፤ ወታደሩ ገበያ ወጥቶ ዳቦና ሽንኩርት ሲገዛ የሚመለስለት ግን ነሐስ ነው። የሳበኝ እሱ ነው፤ ብዙ እጅ ያለፈበት ነገር። የግራምን መቶኛ የምታነብ ትንሽ ሚዛንና አንድ ደብተር ነበረኝ። ሌላ ሀብት አልነበረኝም።

ካርልተን ውስጥ፣ ድሮ ባንክ በነበረ ጠባብ ሕንፃ፣ የአሮጌ ሳንቲም ሱቅ አለ። ባለሱቋ ወይዘሮ እሌኒ ይባላሉ። ግሪክ ናቸው፤ ስማቸው ግን ልክ እንደኛዎቹ እሌኒዎች ነው። «እሌኒ ብቻ በለኝ» ይሉኝ ነበር፣ እዚህ አገር ሁሉም በስሙ ነውና የሚጠራው፤ አፌ እምቢ አለኝ። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ቢሆንም እዚህ የምጽፈው በልቤ እንደጠራኋቸው ነው። ለአንድ ዓመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ መስታወቱን አይቼ እመለስ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ሳንቲም ላይ የተጻፈው የከተማ ስም ስህተት መሆኑን አየሁ። መናገር ስላልቻልኩ በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ወረቀቱ ትክክል ነው» አሉ። «አፍ ግን የለህም?»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እረዳቸው ጀመር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቀለም በደንብ አይለዩም፣ ለቀዶ ጥገናም ቡክ አድርገው ወረፋ ይጠብቃሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሟቹ የተዉትን ሠላሳ አንድ ሳንቲም ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ሊሰጡ ወስነዋል። ሳንቲሞቹ የጳንጦስ፣ የጥቁር ባሕር ዳሯ አገር፣ ንጉሥ የሚትሪዳጥስ ናቸው፤ ያ ሮማውያንን ዕድሜ ልኩን የተዋጋው ንጉሥ። በአንዱ ገጽ ጋሻ መሳይ ነገር መካከል የሴት ፊት፣ በሌላው ዘንባባ የያዘች ባለክንፍ ሴት። ግሪኮች ኒኬ ይሏታል፣ ድል ማለት ነው።

ሃያ አራቱ በእንጨት ትሪ ላይ ናቸው። ሰባቱ ግን በአሮጌ የትምባሆ ቆርቆሮ ሳጥን ተለይተው ተቀምጠዋል።

«ለምን እንደለያቸው አላውቅም» አሉኝ ወይዘሮ እሌኒ። «የተበላሹት ይሆናሉ። ሁሉንም ወደ ቤትህ ውሰዳቸውና ሳምንቱን ሙሉ መዝንና ግለጻቸው። ጥሩ አድርገህ ከጻፍክ መጋዘኑን ትተህ እኔ ጋ ሙሉ ቀን ትሠራለህ።»

ይህን ያሉኝ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለሳንቲሞቹ ቁጥር ሰጠሁ፤ የትሪው ከአንድ እስከ ሃያ አራት፣ የሳጥኑ ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ አንድ። ሁሉም በሁለት ሺህ ዓመት ልባስ ተሸፍነዋል፤ ጥቁር፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ የወይራ ዓይነት። ሰብሳቢ የሚወደው ይህንን ልባስ ነው። ሳንቲሙ ራሱን የሸፈነበት ቆዳው ነው፤ አንዴ ከተገፈፈ አይመለስም።

ይህንን እኔ አውቃለሁ። ቤት ውስጥ ግን ለማንም አልነገርኩም። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አላወራሁም።

ከጓሯችን ባለችው ክፍል ዘጠኝ ዓመት የተከራዩ፣ አሁን እንደ ቤተሰብ የሆኑ ጋሼ ወርቅነህ የሚባሉ ሰው አሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። በዓል ሲቀርብ መስቀሉን፣ ጽናጽሉን፣ ጽናውን በሎሚና በአመድ እያሹ እንደ መስታወት ያበሩታል። ሰው ከቤቱ የጠቆረ ነገር ሁሉ ያመጣላቸዋል። ሆሳዕና ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ዕለት፣ እኔ ሳንቲሞቹን ጠረጴዛዬ ላይ ትቼ ሺፍት ሄድኩ። ስመለስ ደክሞኝ ሳላያቸው ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ስገባ ጋሼ ወርቅነህ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ቆመዋል።

«ነቃህ? ና፣ ና እስኪ ተመልከት!»

ሠላሳ አንዱም ጨርቁ ላይ ተደርድረዋል። ያበራሉ።

«ክፍልህ መስኮት ልዘጋ ገብቼ አየኋቸው» አሉ። «ስንት ቀን አጎንብሰህ ስትለቅማቸው አያለሁ፤ ምስኪን ልጅ፣ ማጽዳቱ ከብዶታል አልኩ። ደግሞ መልአክ አለባቸው እኮ! ዘንባባ የያዘ መልአክ! ሆሳዕና በሩ ላይ ቆሞ መልአክ እንዲህ ጠቁሮ ይቀመጣል እንዴ?»

አንድ ቃል ብናገር እኚህ ሰው ምን እንደሚሆኑ ታየኝ። ይሉኝታ ያዘኝ፤ ከይሉኝታም በላይ ዝምታ ልማዴ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ።

«ምነው ፊትህ?»

«እንቅልፍ ነው።»

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እጄ ከልማዱ ሥራውን ቀጠለ፤ ቀደም ብዬ ባነሣሁት ፎቶና በሚዛን እያመሳከርኩ የትኛው ስንት ቁጥር እንደሆነ ለየሁ፣ ከእያንዳንዱ ጎን አሁን ያለውን ቀለም ጻፍኩ። እጄ ጻፈ እንጂ ዓይኔ አላነበበም። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰባት ሰዓት ሳይሆን ካርልተን መድረስ አለብኝ።

ያን ጊዜ አንድ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ከመዳብ ጋር ታፍኖ ሲቆይ መዳቡን ያጠቁረዋል። ወይዘሮ እሌኒ ቀለም በደንብ አያዩም። ትንሽ ከጠቆረ ይበቃል፤ ማስረከብ፣ መፈረም፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲው መሄድ። እትዬ አልማዝ ቅናሽ አግኝተው ለፋሲካ ብለው ቀድመው የገዙት እንቁላል ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ስድስት ቀቀልኩ።

«በዓቢይ ጾም?» አሉ አክስቴ ኩሽና ደርሰው። «ስድስት? አንተ ልጅ፣ ሃይማኖት ለወጥህ እንዴ?»

«ለሥራ ነው።»

«ካርቶን የምታነሳበት መጋዘን እንቁላል ይጠይቃል?»

አስኳሉን ፈጭቼ ከሳንቲሞቹ ጋር በምሳ ዕቃ ውስጥ ከደንኩት። በባቡሩ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ጉልበቴ ላይ አቅፌው ሄድኩ። ካርልተን ስደርስ መናፈሻ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ ጠርጌ፣ ቁጥር በተጻፈበት ኤንቨሎፕ ውስጥ ከተትኳቸው። ዥጉርጉር ቡናማ ሆነዋል። ጥሩ አይደለም፤ ለደከመ ዓይን ግን ይሆናል አልኩ። እንደዚያ ማሰቤን ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ቅዳሜ ሱቁ የሚዘጋው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ወይዘሮ እሌኒ የመንገዱን በር ከውስጥ ቆለፉና «ና፣ ውስጥ እንይ» አሉ። ከኋላ የባንኩ የገንዘብ ክፍል አለ። በሩ ብረት ነው፣ የክንዴን ያህል ይወፍራል። ሁለት ሕግ ነበር። አንደኛ፣ ቦርሳና ስልክ ባንኮኒው ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በሩ ሥር የእንጨት ሽብልቅ ይገባል፤ በሩ በራሱ ክብደት ይዘጋል፣ የውስጡ እጀታ ደግሞ ከተሰበረ ቆይቷል። ከውጭ ማንም ያዞረዋል፤ ከውስጥ ማንም አይከፍተውም።

ሽብልቁን ወይዘሮ እሌኒ አስገቡ። እኔ ኋላቸው ነበርኩ። ከሱቁ መስታወት የሚገባው ፀሐይ ቀጥ ብሎ እሳቸው የሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ይህ ብርሃን ሁሉን ያጋልጣል። በእግሬ ጫፍ ሽብልቁን ትንሽ ገፋ አደረግሁት፤ በሩ ግማሽ መጥቶ ብርሃኑን እንዲከልል ብቻ ነበር የፈለግሁት።

በሩ ግማሽ ላይ አልቆመም።

ድምፁ ከጆሮዬ አይጠፋም። ጩኸት አይደለም፤ እንደ ትልቅ መጽሐፍ ነው የተከደነው። ሰዓቴን አየሁ፦ ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት።

«ሽብልቁን ማን ነካው?» አሉ ወይዘሮ እሌኒ።

«እግሬ ሳይሆን አይቀርም።»

ገፋሁት። ተደገፍኩት። በትከሻዬ መታሁት፤ ሕንፃ እንደመግፋት ነው። ጮኽኩ። ጩኸቴ ወደራሴ ተመለሰ።

«ተው፣ ትንፋሽህን ቆጥብ» አሉኝና አንድ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ክፍሉ አራት እርምጃ በሦስት ነው። ጣሪያው ላይ አንዲት ቢጫ አምፖል። በግማሽ የጎደለ የውኃ ጠርሙስ። የመጋቢት ማብቂያ፣ እዚህ በጋው ያለፈበት ጊዜ ቢሆንም ያን ቀን ሜልበርን ተግላ ነበር፤ ሙቀቱ ከግድግዳው ይወጣል።

«ሰው መቼ ይመጣል?»

«ልጄ ከሲድኒ እሑድ ማታ ትደውላለች። ካላነሳሁ ትጨነቃለች።»

እሑድ ማታ። ቆጠርኩ። ከሠላሳ ሰዓት ያላነሰ።

«አየሩስ?»

«ባንኩ ያበጀው ቀዳዳ ነበር። ባለቤቴ አይጥ ገባበት ብሎ ደፈነው።» ወደ ቀዳዳው ቀና ብለው፣ «ግማሹን ብቻ» አሉ።

«ግማሹን ለምን?»

«ሲሚንቶ አለቀበት።»

ሊስቁ ሞከሩ። እኔ አልቻልኩም። ምክንያቱም ያን ጊዜ ሽታው መጣ። በተዘጋ ክፍል፣ በዚያ ሙቀት፣ ከሠላሳ አንድ ኤንቨሎፕ የሚወጣ የእንቁላል ሽታ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ሌላ ነገር ማሰብ እስከማልችል ድረስ። ወይዘሮ እሌኒ አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ። ፊታቸውን አዞሩ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ልጄ፣ ሆድህን አሞሃል?»

እንዴት ያለ መውጫ ነው! ውርደት ነበር፤ ግን መውጫ ነበር።

«ትንሽ» አልኩ።

«አትፈር። የታሰረ ሰው ገላው አይታዘዘውም። ባለቤቴም ሲጨነቅ እንደዚሁ ነበር።»

ያዘኑልኝን ያህል አነስኩ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ተኩል ሆነ። ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ። በየሩብ ሰዓቱ በሩን በጫማዬ ሦስት ሦስት ጊዜ እመታለሁ፤ ማንም አይመልስም። ውኃውን እሳቸው አንድ ጉንጭ፣ እኔ ከንፈሬን ማርጠቢያ።

«እንግዲህ ካልወጣን እንሥራ» አሉ። «ሳንቲሞቹን አውጣ።»

«ብርሃኑ ጥሩ አይደለም።»

«በጣቴ አያለሁ።»

«ትንሽ ይረፉ» አልኩ። ከዚያ ለማዘግየት ያህል፣ መልሱን እያወቅሁ፣ «ንጉሡ እንዴት ነው የሞተው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሰው እንዳይመርዘው ብሎ ከልጅነቱ ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርዝ ይወስድ ነበር ይባላል። ሰውነቱ ለመደው። በሽምግልናው ልጁ ከዳውና እንደ እኛ ተዘግቶበት ተያዘ። በእጁ ላለመውደቅ መርዙን ጠጣ። አልሞተም። የለመደው ነገር በጨነቀው ቀን አልሠራለትም፤ በሰይፍ እንዲገድለው ሌላ ሰው ለመነ።» ዓይናቸውን ገለጡ። «አሁን አምጣ።»

ሳላመርጥ አንዱን ኤንቨሎፕ ሰጠኋቸው። ሳንቲሙን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አዞሩት። አንዴ። ሁለቴ። ፊታቸው ላይ የነበረው የእናትነት ነገር ቀስ ብሎ ሲጠፋ አየሁ።

«ይሄ የእኔ አይደለም።»

«የእርስዎ ነው።»

«አርባ ዓመት በእጄ ይዤዋለሁ። የእኔ ሻካራ ነው። ይሄ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።» ሌላ አስከፈቱ። ሌላም። «ለውጠህብኛል። የእኔን የት አደረስካቸው?»

አንባቢዎቼ፣ ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ሌባ ብሎ ከሚያያችሁ ሰው ጋር ተዘግቶባችሁ ያውቃል? ዞር የምትሉበት የለም። ወደየትም ብትመለከቱ ግድግዳ፣ ካልሆነም የሰውየው ዓይን ነው። «ላብ ነው ያንሸራተተው» ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እንደ ሌሎቹ ትንንሽ ውሸቶቼ ሁሉ ትንሽ ነገር ነው። ግን ሊወጣልኝ አልቻለም። የወጣው ሌላው ነው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ዕቃ ቤቱን፣ ሎሚውን፣ አመዱን፣ ዘንባባ የያዘውን መልአክ፤ እንቁላሉን፣ ሽታው የሆዴ አለመሆኑን፤ ሽብልቁን በእግሬ የገፋሁት ብርሃኑን ፈርቼ መሆኑን። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ተናግሬ አላውቅም። ስጨርስ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር፤ ውኃውን ግን አልነካሁም።

«መልአክ» አሉ ወይዘሮ እሌኒ። «እንቁላል። ሽማግሌ። ከሌባ ይልቅ እብድ ልትመስለኝ ፈለግህ?»

«እውነቱ ነው።»

«በሩን ዘግተህብኝ እውነት ትነግረኛለህ!»

ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። እኔ ዝምታን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የእሳቸውን ዝምታ ግን መሸከም አቃተኝ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። ከእኔ ጋር የቀረ አንድ ነገር ነበር፤ ሕጉ ያልከለከለው ደብተሬ። ከፈትኩትና ማንበብ ጀመርኩ። ይሰሙኝ አይሰሙኝ ሳላውቅ፣ ጮክ ብዬ፣ እንደ ዳዊት።

«ቁጥር አንድ። ባለፈው እሑድ ስምንት ግራም ከአሥራ አራት፣ ዛሬ ስምንት ግራም ከዜሮ ዘጠኝ። ጠርዙ ላይ አሮጌ ትንሽ የሞረድ ጭረት። ሲወለወል ቀይ። ቁጥር ሁለት። ሰባት ግራም ከዘጠና አንድ፣ ዛሬ ሰባት ግራም ከሰማንያ ስድስት። ጠርዙ ላይ ጭረት። ቀይ። ቁጥር ሦስት...»

ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። ሃያ አራቱም ቀይ። «ቁጥር ሃያ አምስት። ጠርዙ ላይ ጭረት። ቢጫ። ቁጥር ሃያ ስድስት። ቢጫ። ሃያ ሰባት። ቢጫ...»

ድምፄ ቆመ። ጠዋት የጻፍኩትን ገና አሁን ነው ያነበብኩት። ሰባቱም ቢጫ ናቸው። ነሐስ፣ መዳብና ቆርቆሮ የሆነው፣ ሲወለወል ይቀላል፤ ናስ፣ መዳብና ዚንክ የሆነው፣ እንደ ወርቅ ይበጫል። ይህ ንጉሥ ከሁለቱም እንዳስመታ መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ። በልባሱ ሥር ግን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ማንም በዓይኑ አይለያቸውም።

ወይዘሮ እሌኒ ዞረዋል።

«ድገመው።»

«ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ አንድ ቢጫ ናቸው። በትምባሆ ሳጥኑ ውስጥ የነበሩት። ሁሉም ጠርዛቸው ላይ ትንሽ ጭረት አለባቸው። አንድ ሰው ውስጣቸውን ለማየት ፍቆ ለይቷቸዋል።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ሊሞት ሰሞን» አሉ በመጨረሻ፣ «ተኝቶ ‹ቢጫዎቹን አቀብዪኝ› ይለኝ ነበር። ሳጥኑን ከፍቼ አያለሁ፤ ጥቁር ናቸው። ‹የምን ቢጫ? ጥቁር ናቸው እኮ› እለዋለሁ። ‹ቢጫዎቹን› ይላል። አእምሮው የሄደ መሰለኝ። ለልጄ ደውዬ አባትሽ ቀለም መለየት አቆመ አልኳት።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ቀለም የማልለይ እኔ ነበርኩ።»

ቁጥር ሃያ አምስትን ጠየቁኝ። በጥፍራቸው ጠርዙን ዳሰሱ፤ ጭረቱ ላይ ደርሰው ቆሙ። እንባቸው ወረደ፣ አልጠረጉትም። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሳንቲሙን መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው፣ «የእኔ ናቸው» አሉ። «አመንኩህ። ይቅር አላልኩህም። ሁለቱ ይለያያሉ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ገና ታውቃለህ።»

ግን አብረን ነበር የተቀመጥነው። አየሩ ከብዷል፤ ራሴን ያመኝ ጀመር፣ ወይዘሮ እሌኒም አንገታቸው ያዘነብል ጀመር። ጫማዬን አንስቼ ሦስት ጊዜ መታሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው።

ሦስት ምት ተመለሰ።

ቀጥሎ እጀታው ጮኸ፣ በሩ ተነቃነቀ፣ አየር ገባ። በአየሩ ውስጥ የቆሙት ነጠላቸውን ያጣፉ ጋሼ ወርቅነህ ነበሩ። ከኋላቸው የጎረቤቱ ጣሊያናዊ ፀጉር ቆራጭ ቁልፍ ይዞ አፉን ከፍቷል።

«ጋሼ! በምን መጡ?»

«በባቡር። ከዚያ በትራም። ከዚያ በእግሬ፣ ሁለት ጊዜ ጠፋሁ።» ከቤተ ክርስቲያን በቀር ብቻቸውን የትም ሄደው የማያውቁ ሰው ናቸው። «ጠዋት ፊትህን አይቼ ጥፋት መሥራቴን አወቅሁ። አልማዝ ጠረጴዛህ ላይ ካለው የሱቁ ደብዳቤ አድራሻውን ጻፈችልኝ። ሽማግሌ ሆኜ ይቅርታ ልጠይቅልህ መጣሁ። በሩ ዝግ ነው። ስደውል ስልክህ ባንኮኒው ላይ ሲበራ በመስታወቱ አየሁት። አንተ ስልክህን ትተህ አትሄድም። ሽማግሌ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ሁለተኛ ሰው ሳጣ እሱን ያዝኩ» ብለው ወደ ፀጉር ቆራጩ አመለከቱ። «‹ማይ ሰን ኢንሳይድ› አልኩት። ቁልፍ አለው ለካ።»

ፀጉር ቆራጩ ለወይዘሮ እሌኒ፣ «እኔ ዘራፊ መስሎኝ ነበር» አላቸው። «ግን እንዲህ ለብሶ የሚዘርፍ ማን ነው?»

ጋሼ ወርቅነህ ወደ ወይዘሮ እሌኒ ዞረው ጎንበስ አሉ። «ተርጉምልኝ» አሉኝ። «ቃል አትጣል። ልጁ ጥፋት የለበትም በላቸው። እጄ ነው። መልአክ መስሎኝ ነው።»

ተረጎምኩ። «ልጁ ጥፋት የለበትም» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ምን አለ?» አሉ ወይዘሮ እሌኒ።

«ጥፋት የለበትም አሉ። አለብኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጋሼን አይተው፣ «በምን አሸው?» ብለው ጠየቁ።

«በሎሚ፣ በአመድ፣ ትንሽ ጨው።»

«እናቴ የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን መቅረዝ የምታሸው በሎሚና በአመድ ነበር» አሉ። «እኔ ነበርኩ አመዱን የምነፋላት።» ሳንቲሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። «ክንፍ አላት። መልአክ ቢላት አልፈርድበትም። አንተ ላይ ግን እፈርዳለሁ።»

ሙሉ ቀን ሥራውን አላገኘሁም። ዛሬም ያራቪል እገባለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ካርልተን ነኝ። መዝገቡን ግን እኔው እንድጽፈው አዘዙኝ። «ተጸድቷል» ብዬ ስጽፍ ሰርዘው መለሱልኝ፤ «ማን? በምን? መቼ? ለምን ዝም ተባለ?» ብለው። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያ የሳንቲም መዝገብ እንዲህ ይላል፦ በሎሚ፣ በአመድና በጨው ተወልውሏል፤ ከዚያ ጸሐፊው ለመደበቅ በእንቁላል አስኳል አጥቁሮታል። ሥሩ ስሜ አለ። የዩኒቨርሲቲው ሰው ሲያነበው ፊቱን አጨማደደ። ከዥጉርጉሩ ሥር ቀይ የሚታይባቸውን ሃያ አራቱንና ቢጫ የሚታይባቸውን ሰባቱን ጎን ለጎን ሲያያቸው ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ይቅርታውን ያገኘሁት ከስድስት ወር በኋላ ነው፣ ያለ ቃል። አንድ ቅዳሜ ስደርስ ፀጉር ቆራጩ የሱቁን ቁልፍ ከወረቀት ጋር ሰጠኝ፤ «ሐኪም ቤት ነኝ፣ አንተ ክፈት» ይላል። የገንዘብ ክፍሉ የውስጥ እጀታም ተሠርቶ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ለረጅም ጊዜ ሳንቲሞቹን ያበላሸው ሎሚው ይመስለኝ ነበር። ዓርብ ወጥቼ ስሄድ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ መጥቆር ያለባቸው ናቸው፣ እንዳይነኳቸው» ብል ኖሮ ሎሚው ለሰላጣ በቀረ። አራት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር የምወደውን ነገር ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም ነበር። የዘጋሁት በር የካርልተኑ ብቻ አልነበረም።

አሁን አዲስ ሳንቲም ቤት ሳመጣ መጀመሪያ እራት ላይ አሳያለሁ። እትዬ አልማዝ፣ «ደግሞ እንቁላሌን ፈልገህ ነው?» ይሉኛል። ጋሼ ወርቅነህ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ይላሉ።

«ይሄኛው መልአክ ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ንስር ነው።»

«ጠቁሯል እኮ።»

«ይጥቆር።»

«እሺ፣ ይጥቆር» ይላሉ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው።